ገልብጠው ያነገቱት ቦርሳ

ሰዓት የምጠግንባት ክፍል ከበሯ እምብዛም አትሰፋም። ከፊቷ ግን ረዘም ያለ የቆርቆሮ ጥላ አላት፤ ስለዚህ ዝናብ በመጣ ቁጥር ደንበኛዬ ያልሆነ ሰው ሁሉ እንግዳዬ ይሆናል። ትምህርት ሊዘጋ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ዶፍ ወረደና ጋሼ ስምሪት ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ከጥላው ሥር ገቡ።

ጋሼ ስምሪት ሰፈሩ ያወጣላቸው ስም ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በከተማ አውቶቡስ ድርጅት የስምሪት ኃላፊ ነበሩ፤ የትኛው አውቶቡስ በየትኛው ሾፌር፣ በስንት ሰዓት፣ ወደየት እንደሚሄድ የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ለሰፈሩ ትምህርት ቤት ችግረኛ ልጆች በየዓመቱ ገንዘብ ያሰባስባሉ። ሰፈሩም ይሰጣቸዋል። አብዛኛው ሰው የሚሰጣቸው ስለሚያምናቸው ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ካልሰጠ ከደጁ እንደማይሄዱለት ስለሚያውቅ ነው።

«አረፍ ይበሉ እንጂ፣ ጋሼ» ብዬ በርጩማዬን አቀረብኩላቸው።

«ቸኩያለሁ። ሲያባራ እሄዳለሁ» አሉ። ቀኝ እጃቸው ከኮታቸው የደረት ኪስ ላይ አልተነሣም።

«አመመዎት እንዴ?»

«ምንም አላመመኝ። የያዝኩት የሰው ገንዘብ ስለሆነ ነው። ቦርሳ ነጋዴው ዛሬ እስከ ቀትር ድረስ ቀብድ ካልከፈልኩ ዋጋ እንደሚጨምር ነግሮኛል።»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ የእህታቸው ልጅ እየሮጠች መጣችና ከአጠገባቸው ቆመች። ሐኪም ቤት የግዥ ክፍል ውስጥ የምትሠራ፣ ብዙ የተማረች ልጅ ናት። ጫማዋ ውኃ ጠጥቶ ነበር።

«አጎቴ፣ ከፈሉ?» አለች ትንፋሿ ሳይመለስ።

«ምኑን?»

«ቀብዱን ነዋ።»

«ዝናቡ ባይዘኝ ከፍዬ ነበር።»

«ተመስገን። እንደዛሬ ዝናብ ደስ ብሎኝ አያውቅም።»

ጋሼ ስምሪት ወደ እኔ ዞር አሉ። «ትሰማለህ፣ ሰዓት ሠሪው? ጓንትና መርፌ ስትገዛ ትውልና ማታ ማታ የእኔን ስጦታ ልትመረምር ትመጣለች።»

«የምለምንዎት አንድ ነገር ነው» አለች ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ትምህርት ቤቱን ሳንጠይቅ አይክፈሉ። ቀብድ አንዴ ከእጅ ከወጣ አይመለስም። ሰፈሩ ያዋጣው በሙሉ ደግሞ እዚያ ኪስ ውስጥ ነው። ዘንድሮ ከተሳሳትን ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ከነችግራቸው ይቀመጣሉ።»

«ስጦታ ተጠይቆ ይሰጣል? ቤትሽ እንግዳ ሲመጣ ስንት ጉርሻ ትበላለህ ብለሽ ነው የምታስገቢው?»

«እንግዳን አልጠይቅም። በሽተኛን ግን የት ላይ ያምሃል ሳንል መድኃኒት አንሰጥም።»

«እነዚህ ልጆች በሽተኞች አይደሉም።»

«እንግዶችም አይደሉም፣ አጎቴ። የእኛው ልጆች ናቸው።»

እኔ ጭቅጭቅ ፊት ሆኜ መናገር አልወድም። አንገቴን ደፍቼ የያዝኩትን ሰዓት ማየት ቀጠልኩ፤ ጆሮዬ ግን ከእነርሱ ጋር ነበር። ስጦታ እንደ ግዥ ሥራ ዕቅድ ሊወጣለት ይችላል የሚል ሐሳብ ከዚያ ቀን በፊት ሰምቼ ስለማላውቅ ወዴት እንደሚያደርስ ለማወቅ ጓጓሁ።

ጋሼ ስምሪት ክርክሩን ለእኔ ያስረዱ ጀመር። «ይህች ልጅ የምትለውን ስማ። ከሰበሰብነው ላይ ለባለ ጋሪ ይመደብ ትላለች። የተበጠሰ ዚፕ ለሚቀይር ልብስ ሰፊ ይመደብ ትላለች። ዋጋ ቢጨምር ተብሎ መጠባበቂያ ይቀመጥ ትላለች። ከድኃ ልጅ ደብተር ላይ ቀንሼ ለጋሪ ልክፈል? ሰው ምን ይለኛል?»

«ባለፈው ዓመት ለጋሪ አልከፈልንም» አለች ልጅቷ። «ደብተሩን ማን ተሸከመው?»

«ሰፈሩ በሙሉ እንመጣለን ብሎ ነበር።»

«ማን መጣ?»

ጋሼ ስምሪት ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «እኔና የዳቦ ቤቱ ባለቤት። እሱም ወገቤን ብሎ ተቀመጠ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የቀረው ደብተር በረንዳ ላይ አደረ። ሌሊቱን ዘነበ። ታውቂው የለ፣ ለምን ታስለፈልፊኛለሽ?»

«የረጠበው ደብተር ዋጋ የስንት ጋሪ ኪራይ ይሆን ነበር? የቆጠብን መስሎን ነው የከሰርነው። ሰዎቹም ክፉ ሆነው አይደለም የቀሩት። ሁሉም እንመጣለን አሉ፤ አንተ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ በር፣ ይህን ታነሣለህ የተባለ ግን አንድም ሰው አልነበረም። እርስዎ አውቶቡስ ሲያሰማሩ፣ ሾፌሮች ሆይ፣ ደስ ያለው ይምጣ፣ ደስ ያለውን መስመር ይያዝ ብለው ያውቃሉ?»

«እንደዚያ ብል ኖሮ ከተማው በእግሩ ይሄድ ነበር።»

«ተሳፋሪ ወደሌለበት መስመር አውቶቡስ ልከው ያውቃሉ?»

«አላደርገውም። ጠዋት ጠዋት የተሳፋሪውን ሰልፍ በዐይኔ አይቼ ነበር የማሰማራው።»

«እሺ፣ የልጆቹን ሰልፍ መቼ አዩት?»

ሽማግሌው ሳቅ አሉና ባርኔጣቸውን አራገፉ። «በገዛ መሪዬ ልትነጂኝ ነው። አይሆንም። አውቶቡስ ሥራ ነው። ይህ የልብ ነገር ነው። የልብን ነገር እንደ ነዳጅ ልለካው አልችልም።»

ልጅቷ መልስ ልትሰጥ ስትል ዝናቡ አባራ፤ የጠዋት ፈረቃ ተማሪዎችም ተለቀቁና መንገዱ በጫጫታ ሞላ። በዚህ ጊዜ ከብዙ ወራት ጀምሮ ያስገረመኝ ነገር ዐይኔ ላይ መጣ። ባለፈው ዓመት የታደሉት ቦርሳዎች በአንድ ትከሻ የሚነገቱ፣ ሰማያዊ የጨርቅ ቦርሳዎች ናቸው። ልጆቹ ግን ሁልጊዜ ገልብጠው፣ የውስጡን ግራጫ ጨርቅ ወደ ውጭ አውጥተው ነው የሚያነግቷቸው። ዚፑን ለመክፈት በተሳሳተ በኩል እጃቸውን እያስገቡ ይታገላሉ፤ የብዙዎቹም ዚፕ ተበጥሷል። ምክንያቱን ለማወቅ እፈልግ ነበር፤ ደፍሬ ግን ጠይቄ አላውቅም።

«ጋሼ» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «እነዚህ ልጆች ቦርሳውን ለምንድን ነው የሚገለብጡት?»

«ፋሽን ነው» አሉ ሳያመነቱ። «የዛሬ ልጅ ሱሪውንም ቀዶ ይለብስ የለ?»

«ፋሽን ቢሆን ያለው ልጅም ያደርገው ነበር» አለች የእህታቸው ልጅ። «የሚገለብጡት የእኛን ቦርሳ የያዙት ብቻ ናቸው። ለምን አንጠይቅም?»

አራተኛ ክፍል የምትሆን ቀጭን ልጅ ኩሬውን እየዘለለች ስታልፍ ጋሼ ስምሪት ጠሯት።

«ነይ እስቲ፣ የኔ ልጅ። ቦርሳሽን ማን ገለበጠብሽ?»

«እኔው ነኝ» አለች።

«ለምን?»

ልጅቷ ዐይኗን ወደ መሬት ጣለች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፈት አድርጋ የውስጡን አሳየቻቸው። በትልልቅ ቀይ ፊደላት «የችግረኛ ልጆች መርጃ» ይላል፤ ከሥሩ ጋሼ ስምሪት የሚመሩት የአሰባሳቢ ኮሚቴ ስም አለ።

«ይህን እንዳያዩብኝ ነው» አለች። «ልጆቹ መርጃዎች መጡ ይሉናል። በስማችን አይጠሩንም። በኳስም ሲመድቡን፣ አንድ መርጃ ለእናንተ፣ አንድ መርጃ ለእኛ ይላሉ።»

«ይህን ለማን ተናገርሽ?»

«ለእናቴ። እሷ የሰው ስጦታ አይናቅም፣ ዝም በይ አለችኝ። እኔ አልናቅኩትም፣ አባባ። ቦርሳውን እወደዋለሁ። ጽሑፉን ነው።»

ጋሼ ስምሪት ራሷን ዳበስ አድርገው ሸኟት። እጃቸው ከደረት ኪሳቸው ላይ መውረዱን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አንድ ሰው ለብዙ ዓመታት የተመሰገነበት ነገር ለተቀባዩ ሸክም እንደነበረ በአንድ ደቂቃ ሲሰማ ምን ሊል ይችላል? እኔ ቢሆን እቆጣ ነበር። እሳቸው ግን አልተቆጡም።

«ለዚያ ጽሑፍ ለብቻው ከፍያለሁ» አሉ በመጨረሻ። «አታሚው ቀዩ ቀለም ይወደዳል ሲለኝ ይሁን፣ ከሩቅ ይታይ ብዬ ጨመርኩለት።»

የእህታቸው ልጅ ብልህ ናት፤ «አላልኩም ነበር?» አላለችም። «ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው፣ አጎቴ» ብቻ አለች።

እኔም ክፍሌን ቆለፍኩና ተከተልኳቸው። ማንም አልጠራኝም፤ ማንም አልከለከለኝም።

የትምህርት ቤቱን ዕቃ የሚይዙት መምህርት የጠመኔ ብናኝ ያለበት ጋውን ለብሰው ነበር። በሚያስተምሩበት ክፍል ያለውን ቁም ሣጥን ሲከፍቱልን ግማሹ እስከ ጣሪያው ሞልቷል፤ ግማሹ ባዶ ነው። የሞላው ወፍራም ደብተር ነበር።

«ይህ ሁሉ ለምን ተቀመጠ?» አሉ ጋሼ ስምሪት።

«የትልልቅ ተማሪ ደብተር ስለሆነ ነው። ለትንንሾቹ መስመሩ ጠባብ ነው፤ ክብደቱም አይቻላቸውም። የሰጡንን መመለስ ደግሞ ነውር ስለሆነ አስቀመጥነው።»

«ባዶው በኩል ምን ነበር?»

«እርሳስና ላጲስ። በመክፈቻው ሰሞን ሁሉም ሰው ይሰጠናል፤ እናንተም፣ ነጋዴዎቹም፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት ውስጥ። ዓመቱ ሲጋመስ እርሳሱ ያልቃል። ያን ጊዜ የሚመጣ ሰው የለም። አንዱን እርሳስ በምላጭ ለሁለት ቆርጠን ለሁለት ልጅ እንሰጣለን። ዛሬ ጠዋት እንኳ አንድ ልጅ ጓደኛው ጽፎ እስኪጨርስ እጁን አጣጥፎ ሲጠብቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

መምህርቷ ፈገግ አሉ። «ጋሼ፣ ስጦታ ይዞ ለመጣ ሰው ይህ ይጎድለናል ማለት ከባድ ነው። እርስዎም ጠይቀውን አያውቁም።»

ጋሼ ስምሪት የተማሪ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው ከጠረጴዛው በላይ ወጣ። ተረቱ ብዬ አሰብኩ። አልተረቱም።

«እሺ» አሉ ለእህታቸው ልጅ። «መጠየቅ ነበረብኝ፤ ተቀብያለሁ። ጽሑፉም ይቅር። አሁን ግን እኔ ልጠይቅሽ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ከሁሉም የበለጠ የሚሰጠው ለምን ይመስልሻል? ቦርሳዎቹ በሱቁ ፊት ሲያልፉ ያያቸዋል። ያ የእኔ ነው ይላል። ጽሑፉን አንሥተን፣ ልጆቹን መድረክ ላይ እየጠራን ማስጨብጨቡን ትተን፣ እርሳስ በየወሩ በድብቅ ቁም ሣጥን ውስጥ ብናስገባ በሚመጣው ዓመት ማን ይሰጠኛል? አንቺ የምትገዢበት ገንዘብ ሐኪም ቤቱ ይመድብልሻል። እኔ ግን በየደጁ ለምኜ ነው የማመጣው።»

«ይህን አላሰብኩበትም» አለች የእህታቸው ልጅ። «እውነትዎን ነው። ሰጪው ምንም ካላየ ይደክማል።»

«ይደክማል። ሰው ነው።»

መምህርቷ በዚህ መካከል ጣልቃ ገቡ። «እኛ በመክፈቻው ሳምንት የሚያስቸግረን ሌላ ነገር አለ። ደብተሮቹ ሽፋን ካልለበሱ ቶሎ ይቀደዳሉ። እያንዳንዱን በወረቀት የሚሸፍን እጅ የለንም።»

ጋሼ ስምሪት ቀና አሉ። የድሮው የስምሪት ኃላፊ ዐይናቸው ውስጥ ሲነቃ አየሁት።

«እጅ ነው የጠፋው?» አሉ። «እጅማ አለኝ። እነዚያን ሰጪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ አምጥቼ ለምን አላሠራቸውም? ስጦታውን ቦርሳ ላይ ማየት የሚፈልግ ሰው እጁን ሥራው ላይ ይየዋ። የዳቦ ቤቱም ሰውዬ ወረቀት ለመቁረጥ ወገብ አያስፈልገውም፤ ተቀምጦ ነው።»

ተነሥተው ጠመኔ ጠየቁ። መምህርቷ ከሰሌዳው ጥግ ያለውን የቀትር ፈረቃ የሒሳብ ትምህርት ብቻ እንዳያጠፉባቸው ለምነው ሰጧቸው። ከዚያ በኋላ ማን የማን ተማሪ እንደሆነ ለመለየት አስቸገረኝ። ጋሼ ስምሪት ሰሌዳውን እንደ አውቶቡስ መስመር ከፋፈሉት። ባለ ጋሪው ጠዋት ከጅምላ መደብሩ በር፤ ሁለት ሰዎች ለማውረድ፤ አንድ ሰው ለመቁጠር፤ ከቀሩ የሚተካ ተጠባባቂ። ተጠባባቂ ያልተመደበለት ሥራ ሥራ አይባልም አሉ። ለባለ ጋሪው የሚከፈለውም ራሱ ሰሌዳው ላይ ይጻፍ አሉ፤ «በግልጽ የተከፈለ አያሳፍርም፤ በድብቅ የባከነ ነው የሚያሳፍረው።»

የእህታቸው ልጅ በበኩሏ የግዥውን ነገር አስረዳች። በመክፈቻው ዋዜማ ሁሉም ሰው ስለሚገዛ ዋጋው ይሰቀላል፤ አሁን፣ ትምህርት ሲዘጋ ግን ነጋዴው ዕቃው ተኝቶበታል። ስለዚህ ከሦስት መደብር ዋጋ ይጠየቅ። ከመግዛት በፊት አንድ አንድ ናሙና መጥቶ ልጆች ይጻፉበት፤ በቀላሉ የሚሰበር እርሳስ ርካሽ አይደለም። ገንዘቡም ዕቃው ተቆጥሮ ከገባ በኋላ ይከፈል።

«ታዲያ ቦርሳውስ?» አልኩ እኔ። ጥያቄው አምልጦኝ ነው።

«ቦርሳማ አላቸው» አለች ወደ እኔ ዞራ። «ልብስ ሰፊ ዚፑን ይቀይር፤ በጽሑፉም ላይ ኪስ ይስፋበት። ከአዲስ ቦርሳ እጅግ ያንሳል። የተረፈው ገንዘብ ለሁለት ይከፈል፤ ግማሹ ለመክፈቻ፣ ግማሹ ለዓመቱ አጋማሽ።»

«እስከ አጋማሽ ድረስ ገንዘቡን ማን ይጠብቀዋል?» ብለው ጠየቁ ጋሼ ስምሪት። «እኔ ዘንድ እንዳይሆን። አልሰርቅም፤ ግን አንድ እናት መጥታ ብታለቅስብኝ አወጣዋለሁ።»

«ባንክ፤ በሦስት ሰው ፊርማ።»

«እንግዲያ የምታለቅሰዋን ወደ ሦስቱም ፈራሚዎች እልካታለሁ» አሉና መምህርቷን አሳቋቸው።

ወደ ቦርሳ ነጋዴው አብሬያቸው ሄድኩ። ነጋዴው ጋሼ ስምሪትን ሲያይ ደረሰኙን አስቀድሞ ስቦ ነበር። እንደማይገዙ ሲነግሩት ከንፈሩን መጠጠ።

«ዘንድሮ ልጆቹን ረሷቸው ማለት ነው፣ አባት?»

«ዘንድሮማ ጠየቅኳቸው» አሉ። «ይልቅ የዚፕ ዋጋ ንገረኝ። በጅምላ ነው።»

ክረምቱ በዚህ ዕቅድ አለፈ። ሁሉም ነገር ቀና ማለቴ አይደለም። አንዱ መደብር ከናሙናው የከፋ እርሳስ ልኮ ተመለሰበት፤ የዳቦ ቤቱ ባለቤትም ጽሑፉ ቀረ ብሎ ለሁለት ሳምንት አኩርፎ ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ መጣና ወረቀት ሲቆርጥ ዋለ። የቆረጠው ሁሉ ጎደሎ ሆኖ ቢያስቸግርም በቀጣዩ ቅዳሜ ደግሞ ሚስቱን ይዞ መጣ። ስለ ቦርሳ ያወራ የነበረው ሰው አሁን ሱቁ ለሚገባ ሁሉ ደብተር እንዴት እንደሚሸፈን ያስተምራል። ከዚያ በኋላ የሰጪው ቁጥር ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ከዚህ ነገር የተማርኩትን በአጭሩ ልጻፍ። በጎ ሥራ ዕቅድ ሲወጣለት ፍቅሩ አይቀዘቅዝም፤ የሚሄድበትን ያውቃል። ተቀባዩን መጠየቅ ክብሩን መጠበቅ ነው፤ ገንዘብም የማያስፈልግ ነገር ላይ እንዳይወድቅ ያደርጋል። ለሥራው ሰው መመደብ፣ ለተመደበውም ተጠባባቂ ማዘጋጀት፣ የሚከፈለውን በግልጽ መክፈል፣ ገበያው ሳይሞቅ መግዛት፣ ለነገ ማስቀረት፤ እነዚህ ሁሉ የነጋዴ ጠባይ ብቻ አይደሉም። ሰጪውም ቢሆን ስሙን ከማሳየት ይልቅ እጁን ቢያስገባ ደስታው ይረዝማል።

ዓመቱ ሲጋመስ የመምህርቷን የግድግዳ ሰዓት ጠግኜ ልሰቅል ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ጋሼ ስምሪት የክፍሉ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሁለተኛው ግዥ ሰሞኑን ገብቶ ነበርና እንዴት እንደሚሠራ ሊያዩ መምጣታቸው ነው።

አንድ ልጅ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደ። ከፈተው፤ ከብዙዎቹ መካከል አንድ እርሳስ መርጦ አወጣ፤ ጫፉን በጣቱ ሞከረው፤ ዘጋውና ወደ ቦታው ተመለሰ። መምህርቷ ቀና ብለው አላዩትም። በሩ ላይ የቆሙትንም ሽማግሌ ያየ ልጅ አልነበረም፤ ሁሉም እየጻፈ ነበር።

ጋሼ ስምሪት እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ።

«ማንም አላመሰገነኝም» አሉኝ በሹክሹክታ። «ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ደስ አለኝ።»

ከዚያ ልጆቹን እንዳይረብሹ ብለው በእግራቸው ጣት እየረገጡ ወጡ።